ተመልካች በበደለኛው ኀዘንተኛ ላይ ስለ ምን ይራራል?

የሰው ልጅ ኀዘን ወደ ቤቱ እንዳይገባ ይጸልያል፤ የገባ እንደ ሆነም ቶሎ እንዲወጣለት ይመኛል። ይኸው ሰው ግን ወደ ቴአትር ቤት ሲሄድ፥ አንድ ንጉሥ የልጁን ሬሳ ታቅፎ ሲያለቅስ ለማየት በገንዘቡ ቦታ ይገዛል፤ ካየም በኋላ ዓይኑን እየጠረገ «መልካም ቴአትር ነበር» ብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይህ ነገር ከጥንት ጀምሮ ሊቃውንትን ሲያስገርም ኖሯል። ከዚህም ይልቅ የሚያስገርመው ተመልካቹ የሚራራለት ሰው ብዙ ጊዜ ንጹሕ አለመሆኑ ነው። የሚያለቅሰው ጀግና ኀዘኑን በገዛ እጁ የጠራ፥ ምክርን የናቀ፥ ሌላውን የበደለ ሰው ሆኖ ሳለ የተመልካቹ ልብ ወደ እርሱ ያዘነብላል። ይህ ርኅራኄ የልብ ስሕተት ነውን? ወይስ ፍርድ ብቻውን የማያየውን አንድ እውነት ያያል?

ጥያቄው የቴአትር ሰዎች ጥያቄ ብቻ አይደለም። ነገ በለቅሶ ቤት ተቀምጦ የሚያጽናና ሰው፥ ወይም የንስሐ ልጁ በደሉን ሲነግረው የሚያዳምጥ የነፍስ አባት፥ ይህንኑ ጥያቄ በሕይወት መንገድ ላይ ያገኘዋል። በደለኛ ሲያለቅስ «የእጁን አገኘ» ብሎ ፊቱን የሚያዞር አለ፤ እንባውን አይቶ በደሉን ፈጽሞ የሚረሳም አለ። የመጀመሪያው ርኅራኄን፥ ሁለተኛው ፍርድን ይጥላል። ትራጄዲ የተባለው የኀዘን ድርሰት ግን ሦስተኛ መንገድ ያሳያል፤ ይኸውም በደሉን ሳይረሱ ለበደለኛው ማዘን ነው።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆን የሶፎክሊስ «አንቲጎኒ» ነው። ይህ ድርሰት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ441 ዓመት ገደማ በአቴና ከተማ እንደ ታየ ይነገራል፤ ታሪኩ የሚፈጸመው ግን በቴባ ከተማ ነው። የኤዲጶስ ሁለት ወንዶች ልጆች ኤቴዎቅሊስና ፖሊኒቂስ ስለ መንግሥት ተጣልተው አንዱ በሌላው እጅ ሞቱ። ከእነርሱም በኋላ አጎታቸው ክሬዎን ነገሠ። ክሬዎንም ከተማይቱን ሲጠብቅ የሞተው ኤቴዎቅሊስ በክብር እንዲቀበር፥ የባዕድ ጦር አስከትሎ የመጣው ፖሊኒቂስ ግን ለውሻና ለአሞራ እንዲጣል፥ ሬሳውን የሚቀብርም በሞት እንዲቀጣ ዐዋጅ አስነገረ። እኅታቸው አንቲጎኒ ያልተጻፈው የአማልክት ሕግ ከንጉሥ ዐዋጅ ይበልጣል ብላ የወንድሟን ሬሳ ዐፈር አለበሰች። ንጉሡም በሕይወቷ ሳለች ዋሻ ውስጥ እንድትዘጋ ፈረደባት።

የንጉሡ ልጅ ሃይሞን የአንቲጎኒ እጮኛ ነበር። በመጀመሪያ እንደ ልጅ በትሕትና፥ በኋላም በቁጣ ከአባቱ ጋራ ተነጋገረ፤ ሕዝቡ በስውር ለብላቴናይቱ እንደሚያዝን ነገረው። ክሬዎን ግን አልሰማም። ዕውሩ ነቢይ ቲሬስያስ መጥቶ ሲያስጠነቅቀውም በጉቦ የተገዛ ነው ብሎ አማው፤ ኋላ ግን ፈርቶ ሐሳቡን ለወጠ። የከተማይቱ ሽማግሌዎች መጀመሪያ ብላቴናይቱን ከዋሻው እንዲያወጣ፥ ከዚያም ሬሳውን እንዲቀብር መከሩት። እርሱ ግን የሬሳውን መቀበር አስቀደመ፤ ወደ ዋሻው በደረሰ ጊዜ አንቲጎኒ ራሷን ሰቅላ፥ ሃይሞንም ወገቧን አቅፎ ሲያለቅስ አገኘ። ልጁ በአባቱ ላይ ሰይፍ መዘዘ፤ በሳተውም ጊዜ ሰይፉን በገዛ ጎኑ ሰካው። ንግሥቲቱ ኤውሪዲቂ ይህን ወሬ ከመልእክተኛ ሰምታ አንድ ቃል ሳትናገር ወደ ውስጥ ገባች፤ በዚያም ባሏን እየረገመች ራሷን ገደለች።

በመጨረሻው ትዕይንት ክሬዎን የልጁን ሬሳ ይዞ ይገባል፤ ገና በዚያ ኀዘን ላይ ሳለ የሚስቱን ሞት ይነግሩታል። ተመልካቹ ይህን ንጉሥ ከአንድ ሰዓት በፊት ይጠላው ነበር፤ አሁን ግን ሊጠላው ፈልጎ እንኳ አይሆንለትም። ክሬዎን ያው ክሬዎን ነው፤ በደሉም አልተፋቀም። ታዲያ የተለወጠው ምንድን ነው?

አሪስቶትል፥ በግዕዝ መጻሕፍት አርስጣጣሊስ የሚባለው ፈላስፋ፥ ስለ ድርሰት ጥበብ በጻፈው መጽሐፍ ይህን ነገር መርምሯል። እንደ እርሱ ትምህርት ፍጹም ደግ ሰው ያለ ምክንያት ሲወድቅ ማየት ተመልካቹን ያስቀይመዋል፤ ፍጹም ክፉ ሰው ሲወድቅ ማየትም ደስ ያሰኘው ይሆናል እንጂ አያስለቅሰውም። የትራጄዲ ጀግና በእነዚህ መካከል ያለ፥ በክፋቱ ሳይሆን በአንድ ትልቅ ስሕተት የሚወድቅ ሰው ነው። አርስጣጣሊስ ለዚህ ስሕተት የተናገረበት ቃል «ሐማርቲያ» ይባላል። ያው ቃል በሐዲስ ኪዳን ግሪክኛ ኀጢአት ተብሎ የሚተረጐመው ነው፤ የጥንት ምንጩ ግን ዒላማን መሳት ማለት ነው። ተመልካቹ የሚራራው መከራው ለማይገባው ሰው ነው፤ የሚፈራውም መከራው እርሱን በሚመስል ሰው ላይ ሲወርድ ነው።

ይህ ትምህርት ለክሬዎን ሲሠራበት አንድ ችግር ያመጣል። ክሬዎን መከራውን ራሱ ጠርቶታልና «አይገባውም ነበር» ማለት እንዴት ይቻላል? መልሱ በመጠኑ ላይ ይገኛል። ክሬዎን ተግሣጽ ይገባው ነበር፤ ከዙፋኑ መውረድም ይገባው ይሆናል። ነገር ግን ልጁንና ሚስቱን በአንድ ቀን ማጣት የበደሉ ትክክለኛ ዋጋ ነው ብሎ የሚፈርድ ዳኛ አይገኝም። ርኅራኄ የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው፤ ሰውየው በሠራውና ሰውየው በተቀበለው መካከል ባለው ልዩነት ውስጥ። ስለዚህ ለበደለኛ የሚራራ ሰው በደል የለም አይልም፤ ቅጣቱ ከበደሉ ልክ አለፈ ይላል እንጂ።

ሁለተኛው ምክንያት መመሳሰል ነው። ክሬዎን በክፋት የሚደሰት ሰው አይደለም። በነገሠ ጊዜ ከተማይቱ ከጦርነት የወጣችው በዚያው ዕለት ነበር፤ ሕግን ማጽናትና ከወዳጅ ይልቅ አገርን ማስቀደም አለብኝ ብሎ ጀመረ። የጀርመን ፈላስፋ ሄግል በዚህ ድርሰት የሚጋጩት ክፉና ደግ እንዳልሆኑ፥ በሁለቱም ወገን እውነት እንዳለ፥ ጥፋቱም እያንዳንዱ የያዘውን የእውነት ክፍል ብቻ ሙሉ አድርጎ ማየቱ እንደ ሆነ አስተምሯል። ይህ አስተያየት ክሬዎንን ከሚገባው በላይ ያነሣው እንደ ሆነ የሚከራከሩ አሉ። ይሁን እንጂ አንድ ነገር እውነት ነው፤ በጎ አሳብ ይዞ ተነሥቶ በግትርነት ያበላሸው ሰው በየቤቱ ይገኛል። ልጁን የሚያሳድግ አባት፥ ማኅበር የሚመራ አለቃ፥ ደቀ መዝሙር የሚያስተምር መምህር፥ «ቃሌን ብመልስ እናቃለሁ» ብሎ አንድ ቀን ያልጸና የለም። ለብዙዎቹ ነገሩ በጥቂት ቅያሜ አለፈላቸው፤ ለክሬዎን ግን በሬሳ ተፈጸመ። ተመልካቹ የሚንቀጠቀጠው በእርሱና በንጉሡ መካከል ያለው ልዩነት የልብ ሳይሆን የዕድል ብቻ ሊሆን እንደሚችል ስለሚያውቅ ነው።

በኢትዮጵያ ለቅሶ የደረሰ ሁሉ ይህን ያውቃል። ሟቹን እምብዛም የማያውቅ ሰው እንኳ አልቃሿ ሙሾ ስታወርድ የራሱ ሟች ትዝ ይለዋል፤ በሌላው ደጃፍ ለራሱ ያለቅሳል። ሆሜርም በ«ኢልያድ» ምርኮኞቹ ሴቶች ለጳጥሮክሎስ ሲያለቅሱ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መከራ ያለቅሱ እንደ ነበር ተርኳል። ይህ ግብዝነት አይደለም። ሰው የሌላውን ኀዘን የሚለካበት ሌላ መስፈሪያ የለውምና፥ በራሱ ኀዘን ይለካል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሦስተኛው ምክንያት ነው፤ እርሱም ጀግናው በደሉን በገዛ አፉ ማመኑ ነው። ክሬዎን በኀዘኑ መካከል የአምላክ ምት እንደ ወረደበት ይናገራል፤ ነገር ግን በዚህ ስም ራሱን አያመልጥም። ጥፋቱን በአንቲጎኒ እልከኝነት፥ በልጁ ቁጣ፥ ወይም በሽማግሌዎቹ ዝምታ ላይ አይጥልም። የልጁና የሚስቱ ደም ከእርሱ በቀር በሌላ ሰው ላይ እንደማይወድቅ ራሱ ይመሰክራል። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ተመልካቹ የክሬዎን ከሳሽ ነበር፤ ክሬዎን ራሱን በከሰሰ ጊዜ ግን የከሳሽነት ሥራ ያልቃል። ለከሳሹም ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሥራ ከሰውየው ጋራ ማዘን ብቻ ነው።

ይህ እውነት መሆኑ በተቃራኒው ምሳሌ ይታወቃል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሰው በሼክስፒር «ሐምሌት» ውስጥ ወንድሙን ገድሎ የነገሠው ቀላውዴዎስ ለብቻው ሆኖ ሊጸልይ ይንበረከካል። በደሉን ያውቃል፤ ከባድነቱም ያስጨንቀዋል። ነገር ግን በበደሉ ያገኘውን ዘውድና ንግሥት እንደ ያዘ ይቅርታ መለመን እንደማይሆንለት ራሱ ይገነዘባል፤ ቢገነዘብም አይለቃቸውም። ተንበርክኮ ሳለ ተመልካቹ ለአፍታ ያዝንለታል፤ ከተነሣ በኋላ ግን ሌላ የሞት ወጥመድ ማዘጋጀቱን ሲያይ ያ ኀዘኔታ ይበርዳል። እንግዲህ ርኅራኄን የሚጠራው እንባ ብቻ አይደለም፤ እንባው ምን ያህል እንዳስከፈለ ነው። ክሬዎን የሚጠብቀው ነገር አልቀረውም፤ ቀላውዴዎስ ግን እያዘነ እንኳ የሰረቀውን በእጁ ጨብጧል።

የርኅራኄ ኀይል ወደ ጠላት እንኳ ይሻገራል። ኤስኪሎስ የተባለው ደራሲ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ472 ዓመት «ፋርሳውያን» የተባለውን ቴአትር በአቴና አሳየ። የፋርስ ንጉሥ ክሴርክስ በሳላሚስ ባሕር ድል የተነሣው በ480 ዓመት ነበርና ከዚያ ወዲህ ያለፈው ስምንት ዓመት ብቻ ነው። በዚያው ዓመት የክሴርክስ ጦር አቴናን ይዞ ቤተ መቅደሶቿን አቃጥሎ ነበር። ደራሲው ራሱ ከዚህ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ በማራቶን ከፋርስ ጦር ጋራ የተዋጋ ሰው ነበር። ይሁን እንጂ መድረኩ ላይ የቆመው የአቴና ድል አድራጊ ሳይሆን ልብሱ የተቀደደ ክሴርክስ ነው፤ የፋርስ ሽማግሌዎች የሞቱትን መኳንንት በየስማቸው እየጠሩ የት እንደ ጣላቸው ይጠይቁታል፤ እርሱም ያለቅሳል። አቴናውያን ይህን ሲያዩ አዘኑ ወይስ ተደሰቱ በሚለው ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ምናልባት ሁለቱም በአንድ ልብ ውስጥ ነበሩ። ሆኖም ለድርሰቱ የመጀመሪያውን ሽልማት ሰጡት፤ የጠላት ወገን ሙታንም ስም እንዳላቸውና የሚያለቅስላቸው እንዳለ ተቀምጠው ሰሙ።

ይኸው የአቴና ሕዝብ ከዚያ ሃያ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ሌላ ነገር አድርጎ ነበር። ፋርሳውያን በ494 ዓመት የሚሊጢንን ከተማ አጠፉ፤ ይህችም ከተማ ከብዙ ዘመን በኋላ ቅዱስ ጳውሎስ የኤፌሶንን ሽማግሌዎች ያስጠራባት ናት። የሚሊጢን ሰዎች የአቴናውያን ዘመዶች ነበሩ። ፍሪኒኮስ የሚባል ደራሲ የከተማይቱን መያዝ በቴአትር ባሳየ ጊዜ፥ ሄሮዶቱስ እንደ ጻፈው፥ ተመልካቹ ሁሉ አለቀሰ፤ አቴናውያንም የገዛ ወገናቸውን መከራ ስላስታወሳቸው ደራሲውን አንድ ሺሕ ድራክማ ቀጡት፤ ቴአትሩም ዳግመኛ እንዳይታይ ከለከሉ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጥ ነው። ቍስሉ ገና ትኩስ ሲሆን ሰው ያለቅሳል እንጂ አያስተውልም። ትራጄዲ ግን ኀዘኑን ጥቂት ያርቀዋል፤ በሌላ አገር፥ በሌላ ዘመን፥ በሌላ ንጉሥ ላይ ያደርገዋል፤ ተመልካቹም በራሱ ቤት ሊያየው የማይደፍረውን ነገር በዚያ ርቀት ቀና ብሎ ያያል። በቤቱ ከኀዘን የሚሸሸው ሰው በቴአትር ኀዘንን የሚፈልገው ስለዚህ ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ የሚነሣ ብርቱ ክርክር አለ። አፍላጦን «ስለ መንግሥት» በጻፈው መጽሐፍ በዐሥረኛው ክፍል፥ ሰው በራሱ ኀዘን ጊዜ ሊገታው የሚገባውን ልቅሶ በቴአትር እየመገበ ያሳድገዋል ሲል ወቅሷል። ቅዱስ አውግስጢኖስም በ«ኑዛዜው» ሦስተኛ መጽሐፍ፥ በካርታጎ ተማሪ ሳለ ቴአትር እጅግ ይወድ እንደ ነበር ገልጦ፥ ያንን ርኅራኄ በጥብቅ መርምሮታል። የእርሱ ወቀሳ ይህ ነው፤ እውነተኛ ምሕረት የተቸገረውን ወደ መርዳት ያስነሣል፥ የቴአትር ተመልካች ግን የሚጠራው እንዲያዝን ብቻ ነው፥ እንዲረዳ አይደለም።

ይህ ወቀሳ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በመድረክ ላይ ለሚያለቅስ ንጉሥ አልቅሶ፥ ከቴአትር ቤት ሲወጣ በደጅ የተቀመጠውን ድኻ ሳያይ የሚያልፍ ሰው፥ አውግስጢኖስ የተናገረለት ሰው ነው። ከዚህም የባሰ አለ፤ ለጀግናው ሲያለቅስ ጀግናው ያጠፋቸውን የሚረሳ ተመልካች አለ። የኢትዮጵያ ቴአትር ለዚህ የቅርብ ምሳሌ ይሰጣል። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም ጸጋዬ ገብረ መድኅንም የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ ለመድረክ ጽፈዋል። ንጉሠ ነገሥቱ የሚወዷትን ሚስታቸውን ተዋበችን በሞት አጥተው ማዘናቸው፥ በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ብቻቸውን ቀርተው እጅ አልሰጥም ብለው ራሳቸውን መግደላቸው፥ የማንንም ልብ ይነካል። ነገር ግን በዚያው በመቅደላ፥ ከመሞታቸው ጥቂት ቀን አስቀድሞ፥ በእርሳቸው ትእዛዝ ወደ ገደል የተወረወሩ ብዙ እስረኞች ነበሩ። ለንጉሡ አልቅሶ እስረኞቹን የረሳ ተመልካች ትራጄዲውን ግማሹን ብቻ አይቷል። እስረኞቹን አስታውሶ ለንጉሡ ማልቀስ የተሳነውም ሌላውን ግማሽ አላየም።

ስለዚህ የአውግስጢኖስ ወቀሳ የሚወድቀው በርኅራኄው ላይ ሳይሆን በደጃፍ በሚቀረው ርኅራኄ ላይ ነው። ማንም ሰው ያልተለማመደውን ሥራ በድንገት አይሠራም። ቁጣው ሳይበርድለት ለበደለኛ ማዘንን ማንም በአንድ ቀን አይማርም። ትራጄዲ ለዚህ መለማመጃ ይሆናል፤ ከዚያ የተማሩትን ወደ መንደር ማውጣት ግን የተመልካቹ ፈንታ ነው።

መጽሐፈ ሳሙኤልም ይህን ችግር ያውቀዋል። ንጉሥ ዳዊት በጦርነት ላይ የተነሣበት ልጁ አቤሴሎም በሞተ ጊዜ በልጁ ፈንታ መሞትን ተመኝቶ አለቀሰ። አንባቢ ሁሉ ከእርሱ ጋራ ያዝናል፤ በቤቱ ላይ የመጣው መከራ በኦርዮ ላይ ከሠራው በደል ጋራ የተያያዘ መሆኑን እያወቀ ያዝናል። የጦር አለቃው ኢዮአብ ግን ገብቶ፥ ነፍሱን ያዳኑለትን ሰዎች በልቅሶው እንዳሳፈራቸው በድፍረት ነገረው። ኢዮአብ አቤሴሎምን የገደለ ጨካኝ ሰው ነበር፤ ቃሉ ግን ሐሰት አልነበረም። ዳዊትም ተነሥቶ በበር ተቀመጠ። ታሪኩ የአባትን እንባ አልነቀፈም፤ የወታደሮቹንም ድካም አልረሳም።

ወደ ቴባ ቢመለሱ፥ በዚያ በመጨረሻው ትዕይንት ከክሬዎን ጋራ የቆሙ ሌሎች ሰዎች አሉ። እነርሱም የከተማይቱ ሽማግሌዎች ናቸው። ንጉሡ የልጁን ሬሳ ይዞ ሲመጣ «አይዞህ፥ ጥፋቱ ያንተ አይደለም» ብለው አልሸነገሉትም፤ እውነትን ዘግይቶ እንዳያት በግልጥ ነገሩት። ሞቱን ሲመኝም የሞት ቀን የወደፊት ነገር መሆኑን፥ አሁን ግን በፊታቸው ያለውን ማሰናዳት እንደሚገባ አስታወሱት። ነገር ግን ጥለውት አልሄዱም። በደለኛውን ኀዘንተኛ ለማጽናናት ከዚህ የተሻለ ሥርዐት ለማግኘት ያስቸግራል፤ አለመሸንገል፥ አለመራቅም። በመድረክ ላይ ለክሬዎን ያለቀሰ ሰው የእንባው ትርፍ የሚታወቀው፥ ሁሉ የሚሸሸው አንድ በደለኛ በመንደሩ ውስጥ ሬሳ አውጥቶ ብቻውን የተቀመጠ ዕለት ነው፤ ያን ዕለት ወደዚያ ቤት መሄዱን ወይም መቅረቱን ጎረቤት ሁሉ ያያል።